ከገበያው አቅጣጫ ጋር መነገድ፦ ስቶፑ የት ይሁን? ስንት አክሲዮንስ ይገዛ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የአሜሪካ ስቶክን ከትሬንዱ ጋር እየሄዱ ስለመነገድ ነው ጥያቄዬ። መሠረቱ ገብቶኛል፤ ከ200 ቀን አማካይ መስመር (ያለፉት 200 የገበያ ቀናት መዝጊያ ዋጋ አማካይ) በላይ ያለውን መግዛት፣ አቅጣጫው ሲሰበር መውጣት። ያልገባኝ ዝርዝሩ ነው። አካውንቱ 12,000 ዶላር ነው፣ ማርጂን (ከብሮከሩ፣ ከአገበያዩ ድርጅት፣ የሚገኝ ብድር) የለውም፣ ቻርት የማየው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ስንት አክሲዮን እንደምገዛ በምን ልወስን? ስቶፑስ (ዋጋው እዚያ ሲወርድ በራሱ የሚሸጠው ትዕዛዝ) ስንት በመቶ ዝቅ ይበል? 8 የሚሉ አሉ፣ 15 የሚሉም አሉ። ትርፍ ላይ ሲሆን መቼ ልሽጥ? «ትዕግሥትና ዲሲፕሊን ይኑርሽ» የሚለውን ምክር በየቦታው አንብቤዋለሁ፤ በተግባር ምን ማድረግ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

አባ ቁጥር፦

እህቴ፣ ጥያቄዎችሽ ልክ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ይገልበጥ። መጀመሪያ የሚወሰነው መውጫው ነው። የአክሲዮኑ ብዛት ከዚያ በኋላ በማካፈል ብቻ ይገኛል።

ወደ ላይ የሚሄድ ስቶክ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም። ይወጣል፣ ያርፋል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። አቅጣጫው ደህና ነው የምንለው የአሁኑ መመለሻ ከበፊተኛው መመለሻ ከፍ ብሎ እስከቆመ ድረስ ነው። ስለዚህ ስቶፑ ከመጨረሻው መመለሻ ግርጌ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ዋጋው እዚያ ከደረሰ የገዛሽበት ምክንያት ፈርሷል። 8 በመቶም 15 በመቶም ለሁሉም ስቶክ የሚሆን ቁጥር አይደለም። የኤሌክትሪክ አቅራቢ ኩባንያ ስቶክ በቀን 1 በመቶ ሲነቃነቅ የቺፕ አምራች ስቶክ 4 በመቶ ሊነቃነቅ ይችላል። ለሁለተኛው 8 በመቶ ማለት የሁለት ቀን መንገጫገጭ ነው፤ ምንም ሳይበላሽ ያስወጣሻል።

መለኪያው ኤቲአር ይባላል፣ በየቻርት ፕሮግራሙ አለ። ባለፉት 14 ቀናት ስቶኩ በአማካይ በቀን ስንት ዶላር ከፍና ዝቅ እንዳለ ይነግርሻል። ከመግዣሽ እስከ ስቶፑ ያለው ርቀት ከ2 ኤቲአር ካነሰ ጠባብ ነው። ከ4 ከበለጠ ደግሞ ስቶኩ ርቆ ሮጧልና መመለሻውን ጠብቂ፤ ሳይመለስ ከሄደም ይሂድ፣ ሌላ ይገኛል።

አሁን ስሌቱ። በአንድ ግብይት ልታጪ የምትፈቅጂው የአካውንቱን 1 በመቶ ይሁን፤ ከ12,000 ላይ 120 ዶላር ነው። ስቶኩ 84 ዶላር ላይ ነው፣ የመጨረሻው መመለሻ ግርጌ 78.40፣ ኤቲአሩ 2.40 ነው እንበል። ስቶፑ 78 ላይ ይሆናል፤ ርቀቱ 6 ዶላር፣ ማለትም 2.5 ኤቲአር፣ ጥሩ ነው። 120 ለ6 ሲካፈል 20 አክሲዮን፤ 1,680 ዶላር ይወጣበታል። ሌላ ስቶክ ዋጋው ያው 84 ሆኖ ብዙ የሚነቃነቅ ከሆነና ስቶፑ 72 ላይ ካረፈ፣ ርቀቱ 12 ስለሆነ የምትገዢው 10 አክሲዮን ብቻ ነው። ሁለቱም ስቶፕ ቢመቱ የምታጪው እኩል 120 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በ4,000 ዶላር ልግዛ» ብሎ ይጀምርና ስቶፑን ኋላ ያስባል። 4,000 ዶላር በ84 ሲካፈል 47 አክሲዮን ነው፤ 78 ላይ ቢወጣ 282 ዶላር ያጣል። ቁጥሩን ሲያየው ይደነግጥና ወይ ስቶፑን 82 ላይ ያጠብበዋል፣ ወይ ዋጋው 78 ሲደርስ ወደ 75 ያወርደዋል። ስቶፕ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይነካም። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል የምመርጥልሽ ይህንን ነው።

ለምን 1 በመቶ? ትሬንድ ተከትሎ የሚነግድ ሰው ከ10 ግብይት 4ቱን ቢያሸንፍ ደህና ሠርቷል። በዚህ ሂሳብ ከ100 ግብይት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 6 ኪሳራ ተከታትሎ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። በ1 በመቶ ከሆነ አካውንቱ 6 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ይቻላል። በ5 በመቶ ከሆነ 26 በመቶ ተኩል ይወርዳል፣ ለመመለስም 36 በመቶ ማትረፍ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን አትርሺ፤ 120 ዶላሩ ዋስትና የለውም። ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ማታ አውጥቶ ስቶኩ ጠዋት 70 ላይ ከተከፈተ፣ 78 ላይ ያስቀመጥሽው ስቶፕ በ70 አካባቢ ነው የሚሸጠው። 14 ዶላር በ20 ሲባዛ 280 ነው፤ ከአካውንቱ 2.3 በመቶ። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የውጤት ማሳወቂያ ቀኑን እዪ። ሌላው፣ አምስት የቺፕ ስቶክ መያዝ አምስት ግብይት አይደለም፤ አንድ ትልቅ ግብይት ነው፣ ሲወርዱ በአንድ ቀን ነው የሚወርዱት። ከአንድ ዘርፍ ከሁለት አትለፊ፣ በጠቅላላው ከስድስት አትብለጪ።

ሰንጠረዥ፦

አባ ቁጥር ስለ ስቶኩ በደንብ ጽፏል። እኔ ስለ ገበያው ልጨምር፤ ጥሩ ስቶክ በመጥፎ ገበያ ውስጥ ሲገዛ ስቶፑ የትም ቢሆን ይመታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በቀን ግማሽ ሰዓት ላለው ሰው የሚመቸው የወር መጨረሻ ሕግ ነው። የወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ፣ ማለትም የጋራ መለኪያ) የተዘጋበትን ዋጋ ያንን ጨምሮ ካለፉት 10 የወር መጨረሻ ዋጋዎች አማካይ ጋር ማነጻጸር ነው። ከአማካዩ በላይ ከሆነ አዲስ ግዢ ይፈቀዳል። በታች ከሆነ አዲስ ግዢ የለም፤ የያዝሽው በየራሱ ስቶፕ ይውጣ።

ይህ ሕግ ምን እንደሚያድንና ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። ኢንዴክሱን ራሱን በዚህ ሕግ የነገደ ሰው በ2007 መጨረሻ፣ ኢንዴክሱ ከ1,460 በላይ ሳለ፣ ከገበያው ይወጣ ነበር። ገበያው ማርች 9 ቀን 2009 በ676 ተዘጋ። ሕጉ የሚመልሰው ጁን 2009 መጨረሻ፣ 919 ላይ ነው። ግርጌውን አልያዘም፣ ሊይዝም አይችልም፤ ነገር ግን ከወጣበት በእጅጉ ዝቅ ብሎ ገባ። እዚህ ላይ ሕጉ ድንቅ ነው።

አሁን 2020ን እዪ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ 2,954 ላይ ያስወጣል። ማርች 23 ቀን ገበያው 2,237 ደረሰ። ከዚያ በፍጥነት ተነሣና ሕጉ የመለሰው ሜይ መጨረሻ 3,044 ላይ ነው። ከሸጠበት 3 በመቶ በውድ ገዛ ማለት ነው። ውድቀቱ ቀስ ያለ ሲሆን ሕጉ ያተርፋል፤ ወድቆ ወዲያው ሲነሣ ያስከፍላል። የትኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅምና ሁለቱንም መቀበል ነው። «በዚህኛው ጊዜ ልዝለለው» ያለ ሰው የዘለለው 2008ን ሊሆን ይችላል።

ሐሰተኛ ምልክት ምን እንደሚመስል ለማየት 2022 ይበቃል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ጃንዋሪ ላይ ከ200 ቀን መስመሩ በታች ወረደ፣ ማርች መጨረሻ ተመልሶ ለጥቂት ቀናት ከላይ ቆመ፣ ኤፕሪል ላይ እንደገና ሰበረው። ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት 16 ደግሞ ከ17 በመቶ በላይ ተነሣ፤ ያኔ «ክፉው ጊዜ አለፈ» የማይል አልነበረም። የ200 ቀኑ መስመር ሥር ደርሶ ሳያልፈው ተመለሰና ኦክቶበር 12 ቀን ከጁኑም ዝቅ ብሎ 3,577 ላይ ተዘጋ። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር፣ መስመሩ ራሱ ወደ ታች እያዘነበለ ነበር። ስለዚህ ዋጋው ከመስመሩ በላይ መሆኑ ብቻ አይብቃሽ። የዛሬውን የ200 ቀን አማካይ ከአንድ ወር በፊቱ ጋር አስተያዪ፤ ካልጨመረ ጠብቂ። ይህች አንዲት ማጣሪያ የማርቹን ሐሰተኛ ምልክት ባታስቀርም ሲወድቅ የመግዛትን ፈተና በጣም ትቀንሳለች።

ለስቶኩም ያው ነው፦ ዋጋው ከ50 ቀን መስመሩ በላይ፣ 50ው ከ200ው በላይ፣ 200ው ወደ ላይ ያዘነበለ። በስድስት ወር ውስጥ ከኢንዴክሱ የበለጠ ያልሄደ ስቶክ መሪ አይደለምና ተዪው። በቀን የሚገበያየው ጠቅላላ ዋጋ ከ20 ሚሊዮን ዶላር ያነሰውንም ተዪ፤ ስቶፑ ሲመታ ገዢ በሩቅ ዋጋ ነው የሚገኘው።

ደጀን፦

ወደ «መቼ ልሽጥ» ልምጣ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ይመስለኛል፣ ከመግቢያው ይልቅ።

የአባ ቁጥርን ምሳሌ ልውሰድ። 84 ላይ ተገዛ፣ ስቶፑ 78። አደጋው በአክሲዮን 6 ዶላር ነው፤ ይህን «አንድ እጅ» ልበለው። ከዚያ በየማታው አንድ ስሌት ብቻ፦ ከገዛሽ ወዲህ ከተዘጋበት ከፍተኛ ዋጋ ላይ 3 ኤቲአር ቀንሺ። ውጤቱ ካለው ስቶፕ ከበለጠ ስቶፑን ወደዚያ አንሺ፤ ካነሰ አትንኪ። ስቶኩ 91 ላይ ሲዘጋ 91 ሲቀነስ 7.20፣ አዲሱ ስቶፕ 83.80 ይሆናል። 103 ሲደርስ ኤቲአሩ 2.80 ሆኗል እንበል፤ 103 ሲቀነስ 8.40፣ ስቶፑ 94.60 ነው። እዚያ ቢመታ በ20 አክሲዮን 212 ዶላር አተረፍሽ።

103 አይተሽ 94.60 ላይ መውጣት ያማል። ብዙ ሰው ሁለተኛ ጊዜ «ጫፉ ላይ ልሽጥ» የሚለው በዚህ ሕመም ነው። ነገር ግን 8.40 ዶላሩ ስቶኩ 103ን አልፎ 140 የሚሄድበትን ዕድል ለመያዝ የሚከፈል ነው፤ ጫፍ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ሂሳቡ ይኸው። 10 ግብይት፣ 6ቱ እያንዳንዳቸው አንድ እጅ አጡ፤ ስድስት እጅ ወጣ። 4ቱ በአማካይ ሁለት እጅ ተኩል አተረፉ፤ አሥር እጅ ገባ። የተረፈው አራት እጅ፣ በ120 ሲባዛ 480 ዶላር። አሁን ያው ሰው፣ ያው ስቶኮች፣ ግን ትርፉ አንድ እጅ ሲሞላ «ይቺን ልያዝ» ብሎ ይሸጣል፦ አራት ገባ፣ ስድስት ወጣ፣ 240 ዶላር ከሰረ። የመግቢያ ዘዴው አልተበላሸም፤ የጠፋው አራቱን እስከ መጨረሻው ይዞ የመቆየት ነገር ነው።

እንግዲህ ትዕግሥት በተግባር ምንድነው ላልሽው፣ አብዛኛው ምንም አለማድረግ ነው። ስቶኩ ወደ 50 ቀን መስመሩ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት መጠበቅ። ስቶፑ ካልተመታ ዜናው ምንም ቢል አለመሸጥ። የወር መጨረሻው ሕግ «አትግዢ» ሲል በጥሬ ገንዘብ መቀመጥ፣ ወራት ቢሆንም። ዲሲፕሊን ደግሞ ውሳኔው ገበያው ተዘግቶ ሳለ ተወስኖ ትዕዛዙ ለነገ መግባቱ ነው። ገበያው ክፍት ሳለ የሚወሰን ምንም ነገር አይኑር። ስልኩ ላይ የዋጋ ማሳወቂያውን አጥፊው፤ ስቶፑ ብሮከሩ ዘንድ ተቀምጦልሻል።

እየወረደ ሲሄድ እየጨመሩ መግዛትም በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም። መጨመር ካስፈለገ የመጀመሪያው ግዢ ስቶፕ ከመግዣ ዋጋው በላይ ከወጣ በኋላ፣ ያኔም የሁለቱ ጠቅላላ አደጋ ከ120 ሳያልፍ ነው።

የማታ ፈረቃ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ጠራልኝ። ስቶፑ ብሮከሩ ዘንድ ይቀመጥ ስትሉ፣ ስቶፕ ሊሚት (ከተወሰነ ዋጋ በታች የማይሸጠው) ይሻላል ወይስ ተራው ስቶፕ? በርካሽ እንዳይሸጥብኝ ሊሚት ያለው የተሻለ መሰለኝ።

ዱባይ ማዶ፦

ተራው ስቶፕ ይሻላል፤ ቢያንስ ለዚህ አሠራር። ስቶፕ 78፣ ሊሚት 77.50 አድርገሽ ስቶኩ 70 ላይ ቢከፈት ትዕዛዙ ይነሣል፣ ነገር ግን በ77.50 የሚገዛ የለምና ሳይሸጥ ይቀራል። ስቶኩ 66 ይሄዳል፣ አንቺ ተጠብቄያለሁ ብለሽ ሥራ ላይ ነሽ። ተራው ስቶፕ በ70 ይሸጣል፤ ያስከፋል ግን ያልቃል። ሊሚት ጥሩ የሚሆነው ስትገዢ ነው።

ትዕዛዙን «እስኪሰረዝ የሚቆይ» በሚለው አስገቢ፤ የዕለት ካልሽው ማታ ይሞታል። እስኪሰረዝ የሚለውም ዘላለማዊ አይደለም፣ ብዙ ብሮከሮች ከ60 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ያጠፉታል፤ ማብቂያ ቀኑን ማስታወሻ ላይ ያዢ። ስቶኩ ስፕሊት ካደረገም (አንዱ አክሲዮን ወደ ብዙ ከተከፈለ) ስቶፑ ተስተካክሎ እንደሆነ በዚያው ቀን አረጋግጪ።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአገር ቤት ለምታነቡ፦ ተራ ስቶፕ በአብዛኛው የሚሠራው በመደበኛው ሰዓት፣ በኒውዮርክ ከ9:30 እስከ 4:00 ብቻ ነው። ይህ በበጋው የአሜሪካ ሰዓት፣ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10:30 እስከ ሌሊቱ 5:00፣ በዱባይ ከ11:30 እስከ 6:00 ነው በእኛ አቆጣጠር። በቀሪው ጊዜ አንድ ሰዓት ይገፋል። ብሮከሩ ደብልዩ 8 ቤን የሚባለውን፣ ለአሜሪካ ግብር የውጭ ሰው መሆንን የሚገልጸውን ቅጽ ያስሞላችኋል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት በሌለው አገር ለሚኖር፣ ኢሚሬትስ አንዷ ናት፣ ከአሜሪካ ኩባንያ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል።

ቦሌ አካባቢ፦

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ስለማይጠፋ፦ ለጊዜው አይሠራም። ገበያው በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸው። የ200 ቀን አማካይ ትርጉም የሚኖረው በየቀኑ በቂ ገዢና ሻጭ የወሰነው ዋጋ ሲኖር ነው። ስቶፕም ገዢ ካልቆመበት ወረቀት ነው። እዚህ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የባንኩን የሒሳብ መግለጫና የትርፍ ድርሻውን ቢመረምር ነው የሚጠቅመው።

ሰንጠረዥ፦

አሜሪካ ላሉት ስለ ግብር አንድ ነገር። በስቶፕ ከወጣሽ በኋላ ስቶኩ አገግሞ እንደገና ምልክት ሊሰጥ ይችላል፤ መግዛት ልክ ነው። ግን ከሸጥሽበት ቀን በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ ከገዛሽ የዋሽ ሴል ሕግ ይይዝሻል። ኪሳራው ለጊዜው አይቀነስም፤ በአዲሱ ግዢ ዋጋ ላይ ይደመራል፣ ያንን ስትሸጪ ይመለሳል። የሚጠፋው መልሰሽ የገዛሽው በአይአርኤ (የጡረታ ቁጠባ) አካውንት ከሆነ ነው። የተጣራ ኪሳራ ከደመወዝ ገቢ ላይ የሚቀነሰው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ነው፣ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ከአንድ ዓመት በላይ ያልተያዘ ትርፍ እንደ ደመወዝ ነው የሚገበረው። አይአርኤ ካለሽ ይህን ዓይነት ንግድ እዚያ ማድረግ ብዙ ወረቀት ያቀልልሻል።

የማታ ፈረቃ፦

ለነገ ያዘጋጀሁት ይኸውና፣ እርሙልኝ። «ዋጋ 46.50። የመጨረሻ መመለሻ 43.40፣ ስቶፕ 43.10። ኤቲአር 1.30። ርቀት 3.40። 120 ለ3.40፣ 35 አክሲዮን፣ 1,627 ዶላር ከ50 ሳንቲም። 50ው ከ200ው በላይ፣ ሁለቱም ወደ ላይ። የሩብ ዓመት ውጤት ከ31 ቀን በኋላ።»

አባ ቁጥር፦

ርቀቱ 2.6 ኤቲአር ነው፣ ደህና ነው። ስቶፑንም ክብ ቁጥር ላይ አለማድረግሽ ጥሩ ነው። የጎደለው ሁለት ነው። ጠዋት በ46.50 ላይከፈት ይችላል፤ የምትከፍይውን ከፍተኛ ዋጋ አሁኑኑ ወስነሽ ብዛቱን በእሱ አስይ። 46.90 ካልሽ ርቀቱ 3.80 ይሆናል፣ 120 ለ3.80፣ 31 አክሲዮን። ሊሚት ትዕዛዙ 46.90፣ የዕለት ብቻ፤ በዚያ ቀን ካልተገዛ ማታ እንደገና አስይው። ሁለተኛው፣ ግዢው ሲፈጸም ስቶፑ አብሮ እንዲገባ አድርገሽ አያይዢው፤ ብሮከሮች ይህን ይፈቅዳሉ። ለብቻው ካስገባሽው ሥራ ላይ ሳለሽ ግዢው ተፈጽሞ ስቶክሽ እስከ ማታ ያለ ስቶፕ ይውላል።